ጅግራዎቹ የጮኹበት ሰው

ለመሆኑ አንድን ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው ብላችሁ ለመፍረድ ምን ያህል ማስረጃ ይበቃችኋል? የወፍ ጩኸት ይበቃል? አይበቃም ትሉ ይሆናል፤ ዛሬ ተቀምጦ ማለት ቀላል ነው። በ1970 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ውስጥ ግን በቅቷል። ወፍ ጮኸ፣ ሰው ሞተ፣ ሬሳውን አቅፎ የተገኘው ሱማሌ ሆነ፤ ሦስቱ ተደመሩና ፍርድ ሆኑ። ከሱማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካለፈ ገና ወራት ነበር። «ሰርጎ ገብ» የሚለው ቃል ከሰው አፍ አይጠፋም፤ ቃሉን የሚያወርድበት ሰው ያጣ ሁሉ ጎረቤቱን ይፈልግ ነበር።

በዚያ ጊዜ ዝም ብሎ ማሰብ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። የፖሊሱ መርማሪ ሃምሳ አለቃ ሣህሉ ግን ይህን ጥፋት መተው ያልቻለ ሰው ነበር።

ሣህሉን ዓርብ ጠዋት የጠሩት ሬሳው ሳይገነዝ ነው። ሟቹ አቶ ሀብተ ማርያም የባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ባቡር ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ መጋላ ሰፈር ጫፍ ላይ ካለው ቤታቸው ጓሮ ዶሮና ጅግራ ማርባት ያዙ። ሐሙስ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ለቅሶ ቤት ሄደው ሳለ፣ ከዶሮው ቤት ደጃፍ ወድቀው ተገኙ። ያገኛቸው የአጥር ጎረቤታቸው ሰማታር ነው። ጭንቅላታቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ ሰው ደረሰበት። ሸሚዙ ደም ነክቶት ነበርና ከሬሳው ላይ አንስተው ወደ ቀበሌ ወሰዱት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ይገዙ ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቀው።

«ለወጉ ያህል ነው የጠራንህ፣ ሃምሳ አለቃ» አለ። «ጅግራ ባዕድ ሲያይ እንደሚጮኽ ሕፃን ያውቃል። ሐሙስ ማታ ጮኹ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እዚያ የተገኘው ባዕድ ደግሞ ሰማታር ነው። እሑድ በሠልስቱ ሕዝቡ ተሰብስቦ ፍርዱን ይሰጣል።»

«ፍርዱ ምንድን ነው?»

«አብዮታዊ እርምጃ ነዋ።»

«ሕዝቡ እሑድ የሚለውን ዓርብ አወቃችሁት ማለት ነው?»

ጓድ ይገዙ ፈገግ አለ። «ቀልድ ትወዳለህ መሰለኝ። ቀልድ ጥሩ ነው፤ ጊዜው ግን ለቀልድ ጥሩ አይደለም።»

ሣህሉ እስረኛውን ላነጋግር ቢል በምርመራ ላይ ነው ተባለ። ጥቂት ቆይቶ ቢጠይቅም ያው ነው። ስለዚህ የቀረው ሄዶ ሟቹን ማየት ነበር። ቁስሉ ከግራ ጆሮ በላይ ነው። ጓድ ይገዙ ከጓሮው ያነሳውን ክብ ድንጋይ የቀበሌው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «መሣሪያው ይኸው» ቢልም፣ የቁስሉ ጠርዝ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነበር፤ አንደኛው ጫፉም ማዕዘን አለው። ሣህሉ ተመልሶ ድንጋዩን አንስቶ አገላበጠውና መልሶ አስቀመጠው።

ከቀበሌው ሲወጣ የሰማታር ሚስት ዳሃቦን በር ላይ ቆማ አገኛት። ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ነበረች። እጁን ያዘችው።

«ወላሂ እነዚያ ጅግራዎች በባሌ ላይ አይጮኹም» አለችው። «ያመጣቸው እኮ እሱ ነው። እንቁላሉን ከሐርላ ዱር አግኝቶ፣ በሽርጡ ጠቅልሎ አምጥቶ፣ ለሽማግሌው፣ ለአባ ባቡር፣ ሰጠው። በዶሮ አስታቀፉት። ሲፈለፈሉ ምስጥ እየቆፈረ ያበላቸው ሰማታር ነው። ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የሚያውቁት።»

«ታዲያ በማን ላይ ጮኹ?»

«እሱንማ ፖሊሱ አንተ ነህ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ሣህሉ ፖሊስ ማድረግ የማይገባውን ነገር ያደረገው ያን ጊዜ ነው፤ ባልሽን በሕይወት እመልስልሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት። እሑድ ከመድረሱ በፊት ገዳዩን ካላገኘ ሰማታር እንደሚሞት ያውቅ ነበር። ዳሃቦ ቃሉን ሰማችና እጁን ለቀቀችው።

በሌላው ወገን አጥር የሚዋሰነው ዓብዲ የሚባል ጫት ሻጭ ነው። ጅግራዎቹን እመርዛለሁ እያለ ሲዝት መኖሩን መንደሩ ሁሉ ያወራል። ሣህሉ ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ሲሸፍን ደረሰበት።

«እመርዛለሁ ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ። ነገም እላለሁ። አቦ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ቅመህ ልትመረቅን ስትል እነዚያ ጆሮህ ላይ ቢንጫጩብህ ምን ትላለህ? ሽማግሌውን ግን እወደው ነበር። ስንጣላ ነው የኖርነው። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

«ይህን ያህል ካስቸገሩ ለምን ያረባቸው ነበር?»

ዓብዲ መልሱን ሺህ ጊዜ ሰምቶት ኖሮ እንደ ዳዊት ደገመው። ዶሮ መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚለቅመው፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀድሞ የሚያየው ጅግራ ነው። ሸለምጥማጥ ሲመጣ፣ እባብ ሲገባ ይጮኻል፤ ዶሮዎቹም ጩኸቱን ለምደው ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ። ጊንጡን ይለቅማል፣ መዥገሩን ይለቅማል። ባለፈው ዓመት ፈንግል ገብቶ ዶሮውን ሲፈጅ ጅግራው ተርፏል። ማታም ዛፍ ላይ ስለሚያድር ቤት አያጣብብም።

«ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ ምን ይለኛል መሰለህ?» አለ ዓብዲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «"ዘበኛ ማለት ይህ ነው፤ የሚጠብቀውን የማይበላ።" ቀበሌዎቹ በመንገድ ሲያልፉ ነበር ይህን ጮክ ብሎ የሚለው። ዝም በል አቦ፣ ታስጨርሰናለህ እለዋለሁ፤ እሱ ይስቃል።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ጮኹ፤ ሰደብኳቸው። ወዲያው ሽማግሌው ሲስቅ ሰማሁ።»

ሣህሉ ቀና አለ። «ሲስቅ?»

«ከት ብሎ ነዋ። በእኔ ስድብ የሳቀ መስሎኝ ተናደድኩ። ከዚያ የሆነ ነገር ተናገረ፤ በወፎቹ ጩኸት አልሰማሁትም። ከዚያ ጸጥ አለ። ሰማታር የገባው በኋላ ነው። ሲገባ በአጥሩ አይቼዋለሁ፤ አንድም ወፍ ትንፍሽ አላለም።»

«ይህን ለቀበሌው ነግረሃቸዋል?»

ዓብዲ እርጥቡን ጆንያ አስተካከለ። «ስሜ ዓብዲ ነው፣ ሥራዬ ጫት ነው። ሱማሌውን ነጻ ላውጣ ብዬ ብሄድ እኔን ማን ያወጣኛል?»

ከሟቹ ግቢ አንዷን ክፍል የተከራየችው አሰገደች የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ናት። ሰማታርን ከሬሳው ጋር ያየችው፣ ጮኻም ሰው የጠራችው እሷ ነበረች። ከሐሙስ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ እንዳልዞረ ፊቷ ይናገራል። ሣህሉ ስለ ግቢው በር ጠየቃት። ጋሽ ሀብተ ማርያም ከጦርነቱ ወዲህ ከውስጥ ሳይቀረቅሩ ውለው አያውቁም፤ ማነው ብለው ድምፅ ካልለዩም አይከፍቱም አለችው። ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ነበር፤ መቀርቀሪያው ግን አልተሰበረም።

«ሰማታር ወደ እኔ ቀና ብሎ "ውሃ! ውሃ አምጪ!" አለኝ» አለች። «ውሃውን ትቼ ጮኽኩ። አየህ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ጅግራዎቹ ያልጮኹበትን ሰው እኔ ጮኽኩበት።»

ከቤተሰቡ የቀረው ዘገዬ ነው፤ የሟቹ የወንድም ልጅ። አባቱ ሲሞት ሕፃን ስለነበር አቶ ሀብተ ማርያምና ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እንደ ልጃቸው አሳደጉት። አሁን ጎልማሳ ሆኖ ቀበሌው ለአብዮት ጥበቃ መልምሎታል። ጠመንጃውና ካኪ ልብሱ የታደሉትም በዚያው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሣህሉ ያገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋቢውን እንደ ተከናነበ በጓሮው ለወፎቹ ማሽላ ሲበትን ነበር። ጅግራዎቹ እግሩ ሥር ይርመሰመሳሉ፤ አንዷ ጫማውን ትነካካለች።

«ሐሙስ የት ነበርክ?»

«ቀበሌ። መርዶውን እስክሰማ ከዚያ ንቅንቅ አላልኩም።»

«አዲሱን ልብስህን ጋሼ አላዩልህማ?»

ዘገዬ እጁ ላይ የቀረውን ማሽላ ሁሉ አንድ ላይ ጣለው። «ሳያየኝ ነው የሞተው» አለ።

ሣህሉ ልብ ያለው አንድ ነገር ነበር። ዓርብ በቀብሩ ላይ ጓደኞቹ ሁሉ አዲሱን ካኪ ለብሰው እንደ አውራ ዶሮ ደረታቸውን ነፍተው ሲቆሙ፣ ዘገዬ ብቻ በጋቢ ነበር። ጓድ ይገዙ ልበስ ቢለው ከሠልስቱ በኋላ አለ። ሐዘን ነው ብለው አለፉት። ሣህሉም ሐዘን ነው ብሎ ሊያልፈው ነበር።

ቅዳሜ ውሎ አእምሮው እንደ ወፍጮ ሲዞር ዋለ። በሩን የከፈቱት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው፤ እንግዲያው የመጣው የሚያውቁት ሰው ነው። ከት ብለው ሳቁ፤ ለማያውቁት ሰው እንዲያ አይሳቅም። ጅግራዎቹ ግን ጮኹ፤ ጅግራ ደግሞ በሚያውቀው አይጮኽም። አንድ ሰው እንዴት በአንድ ጊዜ የታወቀም ያልታወቀም ይሆናል?

መልሱን የሰጡት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሳያውቁት። እሑድ ማለዳ፣ የሠልስቱ ሰው ገና ሳይመጣ፣ ሣህሉ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሏል። ጎረቤቶች ቀሚሳቸውን ጥቁር ነክረውላቸው ሌሊቱን ሲደርቅ አድሮ፣ እሳቸውም ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ያን ጥቁር ለብሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጓሮ ወጡ። እንደ ወትሯቸው የውሃውን ጣሳ ይዘዋል። እነዚያ ከእጃቸው እህል ሲለቅሙ የኖሩ ጅግራዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ ጭልፊት የወረደባቸው ይመስል ግቢውን በጩኸት አናወጡት፤ ዶሮዎቹም ተተረማምሰው ቤታቸው ገቡ።

እማማ ጣሳቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«እኔ ነኝ እኮ» አሏቸው ለወፎቹ። ድምፃቸው ሲሰማ ጥቂት ረገብ አሉ እንጂ አልቀረቡም። ሴትዮዋ ወደ ሣህሉ ዞሩ። «አየህ ልጄ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። እነሱም አላወቁኝም።»

ሣህሉ ተነስቶ ጣሳውን ከእጃቸው ተቀበለ። ያገኘውን ነገር ባላገኘው ምንኛ በወደደ፤ ሴትዮዋ ባላቸውን አጥተዋል፣ እሱ ደግሞ ልጃቸውን ሊወስድባቸው ነው። ግን እሑድ ደርሷል፤ የዳሃቦ ባል ነፍስ በዚህ ላይ ተንጠልጥላለች።

ከሰዓት በኋላ በድንኳኑ የነበረውን ለቀስተኛ አስፈቅዶ፣ ሽማግሌዎቹንና ጎረቤቶቹን ወደ ጓሮው አስገባ። ጓድ ይገዙ ከሁለት ጠመንጃ ያዥ ጋር መጥቶ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠ። እማማ፣ ዘገዬ፣ አሰገደችና ዓብዲ በአግዳሚው ላይ ሆኑ። ዳሃቦ አልቀመጥም አለች፤ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ወፎቹ በሰዉ ብዛት ተማረው ዛፉ ላይ ሰፍረዋል።

ሣህሉ ስለ በሩና ስለ ሳቁ ተናገረ። አሰገደች አረጋገጠች። ዓብዲም ሰማታር ሲገባ ወፎቹ ዝም ማለታቸውን በሰው ፊት መሰከረ። ጓድ ይገዙ ሰዓቱን አየ።

«ጓድ ይገዙ፣ አንድ ነገር አስረዳን» አለ ሣህሉ። «ሐሙስ ልብስና ጠመንጃ ካደላችሁ በኋላ ጓዶቹ ወዴት ሄዱ?»

«ለቤተሰቦቻቸው አሳይተው ሳይመሽ እንዲመለሱ አሰናበትናቸው። የሚያኮራ ቀን ነው።»

«ዘገዬንም?»

«እንዲያውም ቀድሞ የሮጠው እሱ ነው።»

ይህን ሲል ጓድ ይገዙ ምን እንዳለ አላወቀም። ዘገዬ ግን አወቀ፤ ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበ።

ሣህሉ ከአንደኛው ጠባቂ ጠመንጃውን ተቀብሎ ሰደፉን ወደ ሰዉ አዞረ። የሰደፉ ብረት ቀጥ ያለ፣ ማዕዘን ያለው ነው። የአቶ ሀብተ ማርያም ቁስል ድንጋይ የሚያቆስለው ዓይነት እንዳልነበር፣ ገናዦቹም እዚያው ስላሉ መጠየቅ እንደሚቻል ተናገረ። ከገናዦቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን ጅግራዎቹ» አለ። «ባዕድ ሲያዩ ይጮኻሉ ብላችሁ ሰው አሰራችሁ። ዛሬ ጠዋት በማን ላይ እንደጮኹ ልንገራችሁ? በእማማ ላይ። ከእጃቸው በልተው ያደጉ ወፎች! የለወጡት ቀሚሳቸውንና ጠጉራቸውን ብቻ ነው። ጅግራ ሰውን በነፍሱ አያውቀውም፤ በለመደው መልኩ ነው የሚያውቀው። እንግዲህ ሐሙስ ማታ በሩን አንኳኩቶ፣ ድምፁ ታውቆ፣ ተከፍቶለት የገባው ሰው የዚህ ቤት ሰው ነው፤ ግን ወፎቹ አይተውት የማያውቁትን ልብስ ለብሷል። ሽማግሌውም የሳቁት ለዚህ ነው።»

ጓድ ይገዙ ሳቀ። «ይህን ተረት በቶሎ እንጨርሰው። ዘገዬ፣ ሂድ ልብስህን ልበስና በወፎቹ ፊት ተመላለስ።»

ዘገዬ አልተነሳም።

«ጓድ ዘገዬ! ትእዛዝ ነው።»

ዘገዬ ዛፉን ቀና ብሎ አየና መልሶ አቀረቀረ። እማማ ጉልበቱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «ልጄ» አሉ በቀስታ፣ «ለምን አትለብስም?»

«ሳቀብኝ፣ እማማ።»

ዘገዬ ጋቢውን ለቀቀው።

«መጀመሪያ እሱ እንዲያየኝ ብዬ ነው የሮጥኩት» አለ። «ሌላ ማን አለኝ? ገና ስገባ ወፎቹ ጮኹ። ሳቀ። "አየህ፣ አላወቁህም፤ እኔም አላወቅሁህ" አለኝ። "እነዚህ ሲጠብቁ ዶሮ አይበሉም። አንተስ?" አለኝ። ጠመንጃው እጄ ላይ ነበር። እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም፣ እማማ፤ ሲወድቅ ነው ያየሁት።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እጃቸውን ከጉልበቱ ላይ አላነሱም። ማንሳት እንዳለባቸው የረሱ ይመስሉ ነበር። ባላቸውን የገደለው እጅና በልጅነቱ ያጠቡት እጅ አንድ ሆኖባቸው፣ የትኛውን እንደሚያለቅሱ ያጡ ሴት ነበሩ።

ጓድ ይገዙ ብድግ አለ። ነገሩ የአብዮት ጥበቃ የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ ቀበሌው እንደሚያየው፣ ስብሰባውም እንደተበተነ ተናገረ።

«ከመበተኑ በፊት ሰማታርን ፍቱ» አለ ሣህሉ።

«በሂደት ላይ ነው።»

«የምን ሂደት? ገዳዩ ይኸው።»

ዳሃቦ ከግንቡ ተላቀቀች። ፊቷ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ ብሏል። «ደህና ነው፤ ዛሬ ጠዋትም ቁርሱን ተቀብለውኛል» አለች ለሰዉ ሁሉ። «ሳህኑን ባዶውን መልሰውልኛል። በልቷል ብለውኛል።»

ዘገዬ ያን ጊዜ ነው ከአግዳሚው ተንሸራቶ መሬት ላይ የተቀመጠው።

«ዳሃቦ፣ ተይ» አለ። «ሐሙስ ሌሊት ነው። ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወሰድነው። እኔም ነበርኩ። ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ነበር።»

ሣህሉ ጠመንጃውን እንደያዘ ቆመ። ዓርብ ጠዋት ጓድ ይገዙ ፊት ቆሞ ስለ እሑዱ ፍርድ ሲጠይቅ፣ ዳሃቦ እጁን ስትይዘው፣ ቃል ሲገባላት፣ ሰማታር አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ የሮጠው ለሞተ ሰው ነው። ነገ ደግሞ ይህን በማወቁ እሱም እንደሚጠየቅ ገባው፤ ግድም አልሰጠው።

ጓድ ይገዙ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሲራመድ ዳሃቦ ፊቱ ቆመች። አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ በጥቁር ቀሚሳቸው ከአግዳሚው ተነስተው ከጎኗ ቆሙ። አሰገደችም ተነሳች። ዓብዲ እንኳን ተነሳ።

«ሁልጊዜ ሕዝቡ ይናገር ትላለህ» አለች ዳሃቦ። «ዛሬ ሕዝቡ ዝም ብሎ ይሰማል፤ አንተ ትናገራለህ። ቢሮህ አትጥራኝ፣ በጆሮዬም አትንገረኝ። እዚሁ፣ እነዚህ ሁሉ እየሰሙ መልስ፦ ባሌን የት ጣላችሁት? ሦስት ቀን ያመጣሁለትን ምግብስ ማን በላው?»